ከፋብሪካ የመጣ ወረቀት

ቡልቻ የሚነዳው የጭነት መኪና የራሱ ነበር። በጣልያን ጊዜ በኮልፌ እንዲህ ሊል የሚችል ሌላ ሐበሻ አልነበረም። ጦርነቱ ሲቃረብ አንድ አርመን ነጋዴ አገር ለቆ ለመሄድ ሲጣደፍ፣ ቡልቻ ከአባቱ የወረሰውን መሬት ሸጦ ገዛው። አርመኑ የመኪናውን ወረቀት ነገ እሰጥሃለሁ አለና በነጋታው በባቡር ጅቡቲ ወረደ። ከአርመኑ በፊት መኪናው የማን እንደነበረ ቡልቻ ጠይቆ ነበር። ያገኘው መልስ «ከትልቅ ቤት የወጣ ነው» የሚል ብቻ ነው። ትልቅ ቤት የነጋዴም ይሆናል፣ የመንግሥትም ይሆናል።

ጣልያን እንደገባ የመንግሥት የነበረ መኪና ሁሉ ይወረሳል፣ የደበቀም ይሰቀላል ተባለ። ቡልቻ ኮፈኑን ከፈተ። ውስጥ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ የመኪናው ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ የነሐስ ሳህን ነበረች። በካቻቢቴ ነቅሎ ወንዝ ውስጥ ጣላት። ያን ሰሞን መኪና ያለው ሁሉ ያደረገው ይህንኑ ነው። ቁጥር ከሌለው የማን እንደነበረ አይታወቅም ብለው አሰቡ። ኋላ ጣልያኖቹ ራሳቸው እህል የሚያመላልስላቸው ሲያጡ፣ ምንም ሳይጠይቁ አዲስ ታርጋ ለጥፈው የመንገድ ፈቃድ ሰጡት። ቡልቻም ፈቃዱን ይዞ ዝም አለ። ሳህኗን ግን አልረሳትም።

ቤቱ ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። ልጅ የለውም። ሳምንቱን ሙሉ የቀለመወርቅን እህል ያመላልሳል፤ ቀለመወርቅ የኮልፌ እህል ነጋዴ ነው። ሲመሽ በሩን ዘግቶ ብቻውን ይበላል። የሚያወራው ሰው የሚያገኘው በገበያ ቀን ነበር። ያን ቀን ወደ አዲስ ዓለም ሲሄድ የኮልፌ ነጋዴ ሴቶች ከኋላ፣ የጭነቱ ካሶኒ ላይ፣ ጆንያው ላይ ይወጣሉ። ቅቤ፣ እንቁላል፣ በርበሬ ገዝተው አብረውት ይመለሳሉ። መንገዱን በሙሉ ይጮሃሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይሰዳደባሉ።

ጋቢናው ውስጥ፣ ከጎኑ የምትቀመጠው ጉዲቱ ነበረች። ቅቤ ነጋዴ ናት። ባሏ ማይጨው ሄዶ አልተመለሰም። ቅቤው ፀሐይ እንዳይመታው ጋቢና ውስጥ ትያዘው ተብሎ ነው እዚያ መቀመጥ የጀመረችው። ቅቤ በሌለበት ቀንም እዚያው ትቀመጥ ነበር።

«ቡልቻ፣ ቀስ በል፣ ቅቤው ሊቀልጥ ነው!» ትላለች እሙ ከላይ ጣራውን እየደበደበች። እሙ ከሴቶቹ ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ናት፣ በምላስም የሚችላት የለም።

«ቅቤው ነው ወይስ ጋቢና ያለችው?» ትላለች ሌላዋ።

«ሁለቱም!»

ጉዲቱ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ትሰድባቸዋለች። ከዚያ ተመልሳ ወሬዋን ትቀጥላለች። የወንድሟን፣ የጎረቤቷን፣ የላሟን ነገር ታወራለች። ቡልቻ መንገዱን እያየ ይሰማል። ብዙ አይናገርም። መስቀል ሲያልፍ ሽማግሌ ልላክባት እያለ ያስብ ነበር። ማንን እንደሚልክም መርጧል። ለማንም ግን አልተናገረም።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን ከጀማል ሻይ ቤት ተቀምጦ ሳለ አህመድ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ። አህመድ የምጽዋ ሰው ነው። ሳንሱሲ አጠገብ ባለው የጣልያኖች ጋራዥ መካኒክም አስተርጓሚም ሆኖ ይሠራል።

«ጋሽ ቡልቻ፣ ያ መኪናዎ መቼ የተሠራ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ስገዛው ጎልማሳ ነበር።»

አህመድ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መሪው ወደ ቀኝ ይጎትትዎታል?»

«ይጎትተኛል።»

«ጠጠር ላይ ሲሄዱ ከሥር ቀጭ ቀጭ ይላል?»

«ይላል። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።»

«እርጅና አይደለም። ከፋብሪካው ወረቀት መጥቷል። መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው የብረት ክንድ አለ አይደል? አንድ ሰሞን የተሠራው ተበላሽቶ ወጥቷል። ላዩ ደህና ነው፤ ውስጡ ግን ባዶ ባዶ አለበት። ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ሊሰበር ይችላል ይላል።»

«ከተሰበረስ?»

«መሪው እጅዎ ላይ እንዲሁ ይዞራል። ጎማው ወዳሻው ይሄዳል።»

ቡልቻ ሻዩን አስቀመጠ። «ይህን ካወቁ ለምን አልነገሩንም?»

«ወረቀቱ ለባለ መኪና አይላክም፣ ጋሼ። ለጋራዥ ነው የሚላከው። ባለ መኪናው መጥቶ እንዲህ እንዲህ ይለኛል፣ ስለዚህ የመጣ ወረቀት አለ ወይ ብሎ ካልጠየቀ ማንም ተነሥቶ አይነግረውም። ከጠየቀ ግን ቁጥሩን ያዩለታል። ወረቀቱ ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር ብሎ ይዘረዝራል። እዚያ ውስጥ ከገባ አዲስ ክንድ ይገባለታል። የሚከፍለው ፋብሪካው ነው።»

«ለሐበሻም?»

«ወረቀቱ ሐበሻ ጣልያን አይልም። ቁጥር ነው የሚል።»

ቡልቻ ቁጥሩ የት እንዳለ አልጠየቀም። ያውቃል። ወንዝ ውስጥ ነው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው መንገድ ዳር ተሰብስበው ጠበቁት። ቡልቻ ጆንያውን ጭኖ መጣ። ሞተሩን አላጠፋም። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ዛሬ ሰው አልጭንም» አለ።

«ምን አልክ?» አለች እሙ።

«ካሶኒው ተሰንጥቋል። ሰው አይችልም።»

«ጆንያውን የቻለ እኛን አልችል አለ? ከጤፍ እንከብዳለን?»

«ጆንያ አይንቀሳቀስም። እናንተ ትንቀሳቀሳላችሁ።»

«ዝም ብለን እንቀመጣለን!»

«እሙ ዝም ብላ? እሱስ አይሆንም» አለች አንዷ፤ ሳቁ።

ጉዲቱ አልሳቀችም። የጋቢናውን በር እጀታ ይዛ ቆማ ነበር። «እኔስ ካሶኒ ላይ አልቀመጥ» አለች ቀስ ብላ።

ቡልቻ ፊት ለፊት መንገዱን አየ። «አንቺም አይሆንም።»

«ምን አደረግሁህ?»

«ምንም።»

እጇን ከእጀታው ላይ አነሣች። ቡልቻ ነዳ።

ያን ቀን የመናገሻን ቁልቁለት በሩን ገርበብ አድርጎ፣ በአንድ እጁ መሪውን፣ በአንድ እጁ በሩን ይዞ ወረደ። የመሪው ክንድ ቢሰበር ለመዝለል ነው። ብቻውን ከሆነ መዝለል ይችላል። ካሶኒው ላይ ሰው ካለ ግን የት ይዘላል? ጉዲቱ ከጎኑ ከሆነችስ? እየወረደ ያሰበው ይህንኑ ነው። ሥራውን እንዳይተው ሌላ እንጀራ የለውም። ጋራዥ እንዳይሄድ ሳህኑ የት ሄደ ሊሉት ነው። ሳህን ነቅሎ የጣለ ሰው የሰረቀ ወይም የደበቀ ነው። እውነቱን ለሴቶቹ እንዳይነግር ሴቶቹ ብዙ ናቸው። አንዷ ለባሏ ትናገራለች፤ ባሏ ጠላ ቤት ይናገራል። ያን ጊዜ ጠላ ቤት ውስጥ ማን ለማን እንደሚሠራ አይታወቅም ነበር። ለጉዲቱስ? ለጉዲቱ ሊነግራት ሁለት ጊዜ ቤቷ ድረስ ሄዶ ከአጥሩ ተመለሰ።

በሳምንቱ ሴቶቹ እንደገና ጠበቁት። ካሶኒው ዛሬም አልተጠገነም ቢል እንደማያምኑት አወቀ። ባፉ የመጣለትን ተናገረ። «ጣልያኖቹ ሰው እንዳትጭን ብለውኛል።»

እሙ ነጠላዋን አስተካክላ አየችው። «እንዲህ በለና። ያሉህን ትሰማለህ።»

ከዚያ ወዲያ አልጠበቁትም። በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። በዝናቡ፣ በጭቃው፣ ሸክማቸውን በጀርባቸው አዝለው ከገበያው ዋዜማ ማለዳ ይነሣሉ። ቡልቻ ባዶ ጋቢናውን ይዞ በአጠገባቸው ያልፋል። ጭቃ እንዳይረጭባቸው ቀስ ይላል። ቀስ ማለቱንም ለመታየት ነው አሉት። ሰላምታ ሲሰጥ ይመልሱለታል፤ ሰላምታ ብቻ። ጉዲቱ ግን ሸክሟን ወደ ሌላ ጎን ታዞራለች።

መስከረም ሲጠባ ቀለመወርቅ ጆንያ እያስቆጠረ ወሬ አመጣለት። «ሰማህ? ያቺ ቅቤ ነጋዴዋ ልትለቅ ነው።»

«የት?»

«ወንድሟ ጋ፣ ሆለታ። በእግሬ እየተመላለስኩ መነገድ አልቻልኩም አለች አሉ። እግሯ አብጧል። መስቀልን ውላ ትሄዳለች። አንተ ግን ምን ነክቶህ ነው? በፊት ታሳፍራቸው አልነበር?»

ቡልቻ ቀጣዩን ጆንያ አወረደ። ጭነቱን አራግፎ በቀጥታ ወደ ጀማል ሻይ ቤት ሄደና አህመድን ጠበቀ። አህመድ ሲመጣ አዙሮ ጠየቀው።

«አንድ የማውቀው ሰው አለ። የመኪናው ሳህን ጠፍቶበታል። እንደዚያ ያለው ምን ያደርጋል?»

አህመድ አየው። ከዚያ ሻዩን አየ። «የሚያውቁት ሰው ሞኝ ነው ጋሼ። ቁጥሩ ሻንሲው ላይም ተመትቷል። በቀኝ በኩል፣ ከፊተኛው ባሌስትራ በላይ። ጭቃውን ጠርጎ ይይ።»

ቡልቻ ቤቱ ገብቶ በመኪናው ሥር ተኛ። የዓመታት ጭቃና ግራሶ ነበር። በካቻቢቴ ፋቀ፣ በላምባ ጨርቅ ጠረገ። ቁጥሩ ወጣ። ብረቱ ውስጥ ጠልቆ የተመታ፣ አንዱም ያልተበላሸ ቁጥር ነው። ቡልቻ እዚያው በጀርባው እንደተኛ ብዙ ቆየ። ይህን ሁሉ ዘመን በጣልያን ኬላ ሁሉ ያለፈው ይህንኑ ቁጥር ከሥሩ ተሸክሞ ነው። አጠፋሁት ብሎ ያሰበው አልጠፋም ነበር። የፈራውም፣ የተማመነበትም ከንቱ ነበር።

በማግስቱ መኪናውን ይዞ ጋራዡ ገባ።

ዋናው መካኒክ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት የሆነ፣ ወፍራም ጣልያን ነበር። አህመድ በመካከል ቆሞ አስተረጎመ። ቡልቻ መንገድ ላይ ሲያጠናው የመጣውን ተናገረ። መሪው ወደ ቀኝ ይጎትታል፤ ጠጠር ላይ ከሥር ይጮሃል፤ ስለዚህ ነገር ከፋብሪካ የመጣ ወረቀት እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ቁጥሬን ይዩልኝ። መካኒኩ ከማን ሰማህ አላለም። ኮፈኑን ከፈተና የሳህኑን ቦታ ባዶ ሲያየው ወደ ቡልቻ ዞረ።

«ሳህኑ የት ሄደ ይላል» አለ አህመድ።

«ወደቀ።»

አህመድ ከዚያ የረዘመ ነገር በጣልያንኛ ተናገረ። ምን እንዳለ ቡልቻ አላወቀም። መካኒኩ ትከሻውን ሰበቀ፣ በመኪናው ሥር ገባ፣ ቁጥሩን በጠመኔ መሬት ላይ ጻፈ። ወረቀቱን ከግድግዳው አውርዶ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ቡልቻ ጣቱን ያይ ነበር። ጣቱ ቆመ።

«ዝርዝሩ ውስጥ አለ» አለ አህመድ።

ማንም የመንግሥት ነው ወይ አላለም። ማንም ሌላ መዝገብ አላወጣም። ክንዱን ፈቱት። መካኒኩ ብረቱን ድንጋይ ላይ አጋድሞ አንድ ጊዜ በመዶሻ መታው። እንደ ደረቅ እንጨት ለሁለት ተከፈለ። ስብራቱን ለቡልቻ አሳየው። ውስጡ ጠቁሮ እንደ ማር እንጀራ ተቦርቡሯል። መካኒኩ አንድ ነገር ተናግሮ ራሱን ነቀነቀ።

«እስካሁን በሕይወት መኖርህ ይገርማል ይላል።»

አዲሱ ክንድ ዕቃ ቤት ስላልነበረ ከከተማ እስኪመጣ መኪናው ጋራዡ ውስጥ አደረ። ቡልቻ በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሰው ሁሉ አየው። ጣልያን መኪናውን ወሰደበት ተባለ። አንዳንዱ አዘነለት፤ ጀማል የሻዩን ሒሳብ አልቀበልም አለው። ለአንድ ቀን የኮልፌ ሰው ወገን ሆኖ ዋለ።

በዚያው ሰሞን የጣልያን ፖሊሶች፣ ካራቢኔሪዎቹ፣ የቀለመወርቅን ወንድም ወንድይፍራውን ከቤቱ ወሰዱት። ለአርበኞች ጨው ይልካል ተብሎ ነው። ማን እንደጠቆመ አልታወቀም።

ከዚያ የቡልቻ መኪና ከጋራዡ ወጣ። ታጥቦ፣ ግራሶ ተቀብቶ፣ አዲስ ብረት ገብቶለት፣ ያለ አንድ ሳንቲም። በኮልፌ ከጣልያን እጅ ገብቶ የተመለሰ ነገር ማንም አይቶ አያውቅም። ያውም ተጠግኖ። ያውም በነፃ።

ቡልቻ ይህን አላሰበም ነበር። መሪው ልክ ሆኖለት ደስ ብሎት እየነዳ መጣና ሴቶቹ መንገድ ዳር ሸክማቸውን አውርደው ከሚያርፉበት አጠገብ ቆመ። የካሶኒውን የኋላ መዝጊያ፣ ስፖንዳውን፣ አወረደ። «ውጡ» አለ። «አሁን ይችላል።»

እሙ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። «ምን ሰጥተሃቸው ሠሩልህ?»

«ምንም። ፋብሪካው ነው የከፈለ። ወረቀት መጥቶ…»

«ወረቀት» አለች እሙ፤ ወደ ሴቶቹ ዞራ። «ሰማችሁ? ወረቀት መጣለት።»

ማንም አልሳቀም። እሙ ቀልድ ተናግራ ማንም ሳይስቅ ሲቀር ቡልቻ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ።

ቀለመወርቅ በማግስቱ ቤቱ ድረስ መጣ። ከዚያ በፊት የቡልቻን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«ጋሽ ቡልቻ፣ እርስዎ አንድ ቃል ቢናገሩልኝ ወንድሜን ይፈቱልኛል። ያጠፋሁት ነገር ካለ ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ ማን አውቃለሁ? ለማን ነው የምናገረው?»

«እርስዎ ያውቃሉ።»

«ቀለመወርቅ፣ እኔ እኮ ቡልቻ ነኝ።»

«አውቃለሁ ጌታዬ» አለ ቀለመወርቅ፣ ወደ ኋላው እየሄደ። ዓይኖቹ ግቢውን ይቃኙ ነበር።

ቡልቻ ያን ቀን ወደ ጉዲቱ ቤት ሄደ። ከአጥሩ አልተመለሰም። ዕቃዋን ስታስር አገኛት። ቆሞ ሁሉንም ነገራት፦ አርመኑን፣ ሳህኗን፣ አህመድ ያለውን፣ ክንዱ እንዴት ለሁለት እንደተከፈለ። በሕይወቱ እንዲህ ብዙ የተናገረበት ቀን አልነበረም። ጉዲቱ ገመዱን እያጠበቀች ሰማችው።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈራሁ።»

«ምን?»

«ወሬው ይወጣል ብዬ።»

ገመዱን ለቀቀችው። «በኔ ነው የሚወጣው?»

ቡልቻ ገመዱን አንሥቶ ሰጣት።

«እኔን ፈርተህ ጣልያን ጋ ሄድክ» አለች። አልተቆጣችም። ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምታስረዳ ነው የተናገረችው። «እኔ ጭቃ ውስጥ ስሄድ እያየህ አለፍክ። እነሱ ዘንድ ግን ገብተህ ተናገርክ።»

«እንዳትሞቺ ነው ያላሳፈርኩሽ።»

«ይሆናል» አለች። «እውነት ሊሆንም ይችላል። ግን ወንድይፍራው ታስሯል፤ ያንተ መኪና ተጠግኗል። ሰው የትኛውን ይመን? እኔስ የትኛውን ልመን?»

«ሆለታ ድረስ ላድርስሽ። ዕቃውን ልጫንልሽ።»

«አህያ ተከራይቻለሁ።»

መስቀል አለፈ። ቡልቻ እህል ሊያመጣ ባዶውን ወደ አዲስ ዓለም ሲሄድ ከቡራዩ አለፍ ብሎ አያት። አህያዋ ፊት ፊት፣ እሷ ከኋላ ነበሩ። እግሯ ስላበጠ ታነክሳለች። መንገዱ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም። ቡልቻ ፍጥነቱን ቀነሰ። እቆማለሁ ብሎ ነበር፤ ወርጄ ዕቃውን ራሴ እጭነዋለሁ፣ ብትሰድበኝም ትስደበኝ ብሎ ነበር።

ጉዲቱ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ዞረች። የማን መኪና እንደሆነ አየች። አህያዋን ከመንገድ አወጣች፣ ራሷም ወረደችና ቆመች። ያን ጊዜ የጣልያን መኪና ሲያልፍ እግረኛ ከመንገድ ወርዶ፣ ቆሞ፣ ቀኝ እጁን ወደ ፊት እንዲዘረጋ ታዞ ነበር። ጉዲቱ ቀኝ እጇን ዘረጋች።

ቡልቻ ቀልድ እንደሆነ ፊቷን መረመረ። አፏ ዳር ላይ፣ ዓይኗ ውስጥ ፈለገ። የለም። ሌላው እግረኛ ሁሉ እንደሚያደርገው አንገቷን ቀና አድርጋ ከሱ አልፋ ባዶውን ታያለች። ክንዷ ቀጥ እንዳለ ነው።

ቢቆም እጇን እንደዘረጋች እንደምትቆይ አወቀ። የምታወርደው እሱ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ አለፈ።